ድልና ሐዘን በአንድ ዓመት፤ የማንቸስተሩ የቤል ቪዩ ቡድን በ1963 ዓ.ም.



በእንግሊዝ አገር የሞቶር ቢስክሌት ሊግ የሻምፒዮኖች መዝገብ ላይ ከ1963 ዓ.ም. ትይዩ የሚነበበው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም «ቤል ቪዩ» ይላል። የመዝገብ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ያሸነፈውን ይጽፋል እንጂ የተከፈለውን ዋጋ አይጽፍም። ይህን ጠባዩን በየመሥሪያ ቤቱ ከፋይል ጋር የምንውል ሰዎች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ሽፋኑ ላይ «ተፈጽሟል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ፋይል፤ ገልጠው ካላዩት በቀር፤ ውስጡ ምን እንደ ያዘ አይናገርም።

ስለዚህ ዛሬ ይህን አንድ ፋይል እንገልጣለን። ነገሩ የደረሰው በማንቸስተር ከተማ በሚገኝ አንድ የስፒድዌይ ቡድን ላይ ነው፤ ጊዜውም የ1963 ዓ.ም. የሴፕቴምበር ወር ነው። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ወር የ1955 ዓ.ም. ማለቂያና የ1956 ዓ.ም. መባቻ ነበር። በአገራችን እንቁጣጣሽ በተከበረበት ሰሞን፤ በዚያ በሩቁ አገር የበጋው ጨዋታ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር ማለት ነው።

ስፒድዌይ የሚባለውን ጨዋታ ላላየ ሰው በቃል ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ይህ ካልታወቀ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ ትርጉም አይኖረውምና ጥቂት ልዘግይበት። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ዐፈርና ደቃቅ ድንጋይ ተነጥፎበታል። በአንድ ሩጫ የሚሰለፉት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ከባለሜዳው፤ ሁለቱ ከእንግዳው ቡድን። ከፊታቸው የተወጠረው ጥብጣብ በድንገት ወደ ላይ ሲነሣ ፍሪሲዮናቸውን ለቅቀው ይወረወራሉ፤ አራት ዙርም ይዞራሉ፤ አዙሪቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ደቂቃና በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ነው። አንደኛ የወጣው 3 ነጥብ፤ ሁለተኛው 2፤ ሦስተኛው 1 ያገኛሉ፤ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ተመልካቹም እርሳሱን አውጥቶ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በተሰመረው ሠንጠረዥ ነጥቡን ራሱ ይሞላል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ድረስ አልቀረም፤ ሂሳብ መያዝ ለሚወድ ሰው ከጨዋታው የማይተናነስ ደስታ ይሰጣል።

ቢስክሌቱ ደግሞ እንግዳ ፍጥረት ነው። ሞቶሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፤ ይዞታውም 500 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ የሚቃጠልበትም ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የተባለው አልኮል ነው። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ፍሬን ግን ከነጭራሹ የለውም። ይህን ስናገር አፍ አዳልጦኝ እንዳይመስላችሁ፤ የጉግስ ፈረስ እንኳ ልጓም ሲኖረው ይህ ግን ማቆሚያ የለውም። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ አራቱ ሰዎች እጅግ ተቀራርበው ስለሚነዱ፤ ከፊት ያለው በድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላ ያለው ይወጣበታል። ስለዚህ ሁሉም ፍጥነቱን የሚቀንሰው ነዳጁን በመቀነስና የኋላ ጎማውን በጎን በማንሸራተት ነው። ወደ መታጠፊያው ሲደርሱ የኋላው ጎማ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ነጂው መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ቢስክሌቱ ግን ወደ ግራ ይታጠፋል። በግራ ጫማው ሥር የታሰረችው ብረት መሬቱን እየላገች ሚዛኑን ትጠብቅለታለች። እንግዲህ የሰውየው ሕይወት የተንጠለጠለው በሚዛኑና ከፊቱ በሚነዳው ሰው ደኅንነት ላይ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቃል በልቡናችሁ ያዙልኝ።

ጨዋታው የተጀመረው በአውስትራልያ እንደ ሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። በ1923 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ዌስት ሜትላንድ በምትባል ከተማ፤ ጆኒ ሆስኪንስ የተባለ ሰው በእርሻ ትርኢት ሜዳ ላይ ውድድር አሰናዳ። «ፈጣሪው እኔ ነኝ» የሚሉ ሌሎች አልታጡም፤ የስሙ ባለቤት ሆኖ የቀረው ግን እርሱ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር የገባው በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፤ ለንደን አጠገብ ባለው በኤፒንግ ደን ውስጥ ሃይ ቢች በተባለው ስፍራ ካሰናጆቹ ግምት ብዙ የበለጠ ሕዝብ ጎርፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በየከተማው ሜዳ ተከፈተ።

በማንቸስተር የተከፈተው ሜዳ ግን ከሌሎቹ ልዩ ነበር። ጆን ጄኒሰን የተባሉ ሰው በ1836 ዓ.ም. ቤል ቪዩ በሚባለው ስፍራ የአራዊት መኖሪያና የመዝናኛ ቦታ አቋቁመው ነበር። የጥጥ ፈትልና የሽመና ፋብሪካ ሠራተኛው በዕረፍት ቀኑ ቤተ ሰቡን ይዞ ዝሆንና አንበሳ ሊያይ፤ ርችት ሲተኮስ ሊመለከት የሚሄደው ወደዚያ ነበር። ከዚህ ግቢ አጠገብ፤ በሃይድ ሮድ፤ በ1929 ዓ.ም. የስፒድዌይ ስታዲዮም ተሠራ። ሜዳው ሰፊና ፈጣን ስለ ነበረ፤ በዚያ የለመደ ሰው ሌላ ቦታ ሲሄድ ሜዳው ሁሉ ይጠብበው ነበር ይባላል።

ቡድኑ ከ1933 እስከ 1936 ዓ.ም. አራት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ዋንጫው ራቀው። በ1939 ዓ.ም. እንደገና በሠንጠረዡ አናት ላይ ተቀምጦ ሳለ በሴፕቴምበር 3 ቀን ጦርነቱ ታወጀ፤ ሊጉም ሳይፈጸም ተቋረጠ። በዚያው ወር በ7 በዌምብሊ ሊደረግ የነበረው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ እንዲሁ ተሠረዘ። ስለዚህ የዚያን ዓመት ዋንጫ የወሰደ ቡድን የለም፤ መሪ የነበረውም መሪነቱን ይዞ ቀረ። ሌሎቹ ሜዳዎች በጦርነቱ ምክንያት ሲዘጉ ቤል ቪዩ ግን በቀን ብርሃን ውድድሩን ቀጠለ። በሰላሙ ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ሲመለስ ሜዳው ሳያርፍ ጠበቀው፤ የሊጉ ዋንጫ ግን አልተመለሰም። አሥር ዓመት አለፈ፤ ሃያ ዓመት አለፈ። ሌላ ሌላ ዋንጫ ሳይገኝ አልቀረም፤ የሊጉ ግን የሌሎች ሆነ፤ ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ጊዜ የለንደኖቹ የዌምብሊና የዊምብልደን ርስት መስሎ ነበር።

ፒተር ክሬቨን ወደዚህ ቡድን የመጣው በዚህ የጥበቃ ዘመን መካከል ነው። የተወለደው በጁን 21 ቀን 1934 ዓ.ም. በሊቨርፑል ከተማ ነው። ቁመቱ እጅግ አጭር፤ ሰውነቱም ቀጭን ስለ ነበረ፤ ትልቁን ቢስክሌት ይዞ ሲቆም ያየው ሰው ልጅ የአባቱን ዕቃ የወሰደ ሳይመስለው አይቀርም። የመጀመሪያ ሙከራውን በሊቨርፑል ካደረገ በኋላ በ1952 ዓ.ም. ወደ ቤል ቪዩ ተዛወረ። ትልቁ ሰው ቢስክሌቱን በክብደቱ ይገዛዋል፤ ክሬቨን ግን ክብደት ስላልነበረው በሌላ መንገድ መግዛት ነበረበት። አንዳንዴ በመሪው ላይ ተደፍቶ፤ አንዳንዴ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ፤ አንዳንዴም ሰውነቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይነዳ ስለ ነበረ፤ ሕዝቡ «የሚዛን ጥበበኛ» የሚል ቅጽል አወጣለት። ጉድለቱን ወደ ብልሃት መለወጡ እንጂ ጉልበቱ አልነበረም የሚደነቀው።

በ1955 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ በዚያ ዘመን የሚደረገው በአንድ ሌሊት ነበር፤ 16 ሰዎች በ20 ሩጫዎች ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ይወጣል፤ ከሌሎቹም ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጊዜ ይፋጠጣል፤ ሙሉው ነጥብ 15 ነው። ክሬቨን በዚያ ሌሊት 13 ነጥብ አገኘ፤ የኒው ዚላንዶቹ ሮኒ ሙርና ባሪ ብሪግስ 12፥ 12 ሆኑ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1962 ዓ.ም. በዌምብሊ በ14 ነጥብ እንደገና ዘውዱን ወሰደ። ከእንግሊዝ ተወላጆች ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የመጀመሪያው እርሱ ነው።

በዚያ ጊዜ ከሁሉ ልቀው የሚታዩት ክሬቨን፤ ሙር፤ ብሪግስ፤ ከስዊድን ደግሞ ኦቬ ፉንዲንና ብዮርን ክኑትሶን ነበሩ፤ «ታላላቆቹ አምስት» ይባሉ ነበር። ሌሎቹን እየቀደሙ ጨዋታውን ስለ አሰለቹት፤ የሊጉ አስተዳዳሪዎች እነዚህ ሰዎች በሊግ ውድድር ከሌሎቹ 20 ያርድ፤ ይኸውም 18 ሜትር ያህል፤ ወደ ኋላ ቆመው እንዲነሡ ወሰኑ። እንዲህ ያለው ደንብ ለፍርድ የሚመች አይመስለኝም፤ ጎበዙን ስለ ጎበዝነቱ መቅጣት ነውና። ለተመልካች ግን መልካም ነበረ፤ ከኋላ ተነሥቶ በአራት ዙር ውስጥ ሦስቱን አንድ በአንድ ማለፍ የሚቻለው ጥበበኛ ብቻ ነው። ክሬቨን በዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የነበረው አይመስልም። ትንሽ ቀዳዳ ስትገኝ ትንሹ ሰው ያልፍባታል።

ጨዋታው ራሱ ግን በዚያ ጊዜ ጤናማ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ስታዲዮሞቹን የሞላው ሕዝብ ቀስ በቀስ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። የዌምብሊ ስታዲዮም ባለቤትና የስፒድዌይ ታላቅ ደጋፊ የነበሩት ሰር አርተር ኤልቪን በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሞቱ፤ የዌምብሊ ቡድን በዚያው ዓመት ከሊጉ ወጣ። በ1963 ዓ.ም. ብሔራዊ ሊግ ተብሎ የቀረው የሰባት ቡድኖች ማኅበር ብቻ ነበር። በአንጻሩ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው የክፍለ ሀገር ሊግ፤ ወጪው ትንሽ፤ ሜዳውም በየከተማው በመሆኑ፤ በወጣትነት ጉልበት ይነሣ ነበር። በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ የነበረው ቡድን በዚህ በሁለተኛው ሊግ ውስጥ ነበር። የዚያ ቡድን አሰናጅ ኢያን ሆስኪንስ ሲሆን፤ ጨዋታውን በሜትላንድ የጀመረው የጆኒ ሆስኪንስ ልጅ ነው፤ አባትዬውም ራሱ በ1950ዎቹ ዓመታት የቤል ቪዩ አሰናጅ ሆኖ ሠርቶ ነበር። የሁለቱ ሊግ ቡድኖች ገበያቸውን ለማሟሟቅ ሲሉ አንዳንድ ጊዜ ከሊግ ነጥብ ውጭ የወዳጅነት ውድድር ያደርጉ ነበር። እንዲህ ያለው ውድድር በሠንጠረዥ አይቆጠርም፤ ዋንጫ አይሰጥም አይነሣም።

ሴፕቴምበር 1963 የገባው በዚህ ሁኔታ ነው። ቤል ቪዩ 27 ዓመት የጠበቀውን የሊግ ዋንጫ ለመውሰድ በሚታገልበት ዓመት ነው። በቡድኑ ውስጥ ከክሬቨን ሌላ እንደ ዲክ ፊሸር ያሉ ነባሮችና እንደ ስዊድናዊው ሶረን ሾስተን ያሉ አዲሶች ነበሩ። የሊግ ዋንጫን አንድ ሰው ብቻውን አይወስደውም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ሆኖም ምሰሶ የሌለው ቤት ማገር ብቻውን አይቆምም፤ ምሰሶውም ክሬቨን ነበር።

በወሩ 14ኛ ቀን፤ ቅዳሜ፤ የዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ በዌምብሊ ሆነ፤ በእኛ መስከረም 3 ቀን 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ክሬቨን ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ለፍጻሜ የደረሰ ሰው ሲሆን፤ በዚህ ጊዜ የገባው የቀደመው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ ነው። ዘውዱ ግን ወደ ኖርዊቹ ፉንዲን ሄደ፤ ክኑትሶን ሁለተኛ፤ ብሪግስ ሦስተኛ ሆኑ። ክሬቨን ከሦስቱ መካከል አልነበረም። ለስፖርተኛ ዘውድ ማጣት ምን እንደሚያህል የሚያውቀው ያጣው ነው፤ ነገር ግን በሳምንቱ የሚጠብቀው ሥራ ነበረው። የስፒድዌይ ሰው በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ በተለያየ ከተማ ይወዳደራል፤ ቢስክሌቱን በመኪና ጭኖ ሌሊቱን ይጓዛል፤ ስለ ተሸነፈበት ቀን ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ደመወዙም በነጥብ ነው፤ ያልነዳ አይበላም።

በስድስተኛው ቀን፤ ዓርብ በሴፕቴምበር 20፤ የቤል ቪዩ ቡድን ከኤዲንብራው ጋር የወዳጅነት ውድድር ለማድረግ ወደ ሰሜን ወጣ። ሜዳው ኦልድ ሜዶውባንክ ይባላል። ከላይ እንደ ተናገርሁት ለሊጉ ሠንጠረዥ ምንም የማይጨምር፤ ከሠንጠረዡም ምንም የማይቀንስ ውድድር ነበር።

በአንዱ ሩጫ የኤዲንብራው ተወዳዳሪ ጆርጅ ሀንተር ከክሬቨን ፊት ወደቀ። ክሬቨን የወደቀውን ሰው እንዳይመታ ሲል ቢስክሌቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ከሜዳው አጥር ጋርም ተጋጨ። ክፉኛ የተጎዳው በራሱ ላይ ነበር። በኤዲንብራ ሆስፒታል አራት ቀን ካጣጣረ በኋላ ማክሰኞ በሴፕቴምበር 24 ቀን ዐረፈ፤ በእኛ መስከረም 13 ቀን 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዕድሜው 29 ዓመት ነበር፤ ባለቤቱንና ትናንሽ ልጆቹን ትቶ ሄደ።

ስለዚህ አሟሟት ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጸሐፊ «ሕይወቱን ስለ ባልንጀራው ሰጠ» ይላል። ቃሉ የሚያምር ነው፤ ስሕተት ነውም አልልም፤ ነገር ግን ነገሩን ጥቂት የሚያርቀው ይመስለኛል። እስቲ አብረን እናስላ። ቢስክሌቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ በአንድ ሰኮንድ 22 ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። የወደቀው ሰው 10 ሜትር ርቆ ቢሆን፤ ለማሰብ የሚቀረው ጊዜ ከግማሽ ሰኮንድ ያነሰ ነው። በግማሽ ሰኮንድ ውስጥ ሰው የራሱን ነፍስና የባልንጀራውን ነፍስ አመዛዝኖ ሊወስን አይችልም። የሚወስነው እጁ ነው። እጁም የሚወስነው ለብዙ ዓመት በተማረው መሠረት ነው። ፍሬን በሌለው ጨዋታ ውስጥ የሁሉ ሕይወት በሁሉ እጅ ስለሆነ፤ «የወደቀውን አትምታ» የሚለው ሕግ ከደንቡ መጽሐፍ አስቀድሞ በእያንዳንዱ ነጂ ክንድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ክሬቨን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲነዳ፤ ሌሎችም ለእርሱ ይህንኑ ሲያደርጉለት ኖረዋል። እንደ እኔ ሐሳብ በዚያ ምሽት ያደረገው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ከዚህ የተነሣ ክብሩ የሚያንስ የሚመስለው ሰው ካለ፤ እኔ ግን የሚበልጥ ይመስለኛል፤ የአንድ ቅጽበት ጀግንነት ለብዙ ሰው ይሆንለታል፤ በየቀኑ የሚጠበቅ ሥርዓት ግን ከጥቂቶች በቀር የሚሆንለት የለም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አጥሩ ቢለሰልስ ኖሮ የሚል ሐሳብ ሰውን ሳያስጨንቅ አይቀርም። ዛሬ በትልልቅ ሜዳዎች በመታጠፊያው ዙሪያ በአየር የተነፋ አጥር ይቆማል፤ የሚጋጨውን ሰው እንደ ፍራሽ ይቀበለዋል። በ1963 ዓ.ም. ይህ አልነበረም። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የጨዋታው ጥበብ ቢስክሌቱን ለማፋጠን ሲደክም በኖረበት ጊዜ ሁሉ አጥሩን ለማለስለስ የደከመ ሰው ጥቂት መሆኑን ለማስታወስ ነው።

የቀረው ቡድን ዋንጫውን ወሰደ። የ1963 ዓ.ም. የብሔራዊ ሊግ ሻምፒዮን ቤል ቪዩ ሆነ። ከ1936 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ተመልካቹ ደስታውን እንዴት እንደ ያዘው መገመት አያዳግትም፤ አባቶቻቸው የነገሯቸውን ዘመን ለማየት የጠበቁ ሰዎች፤ ያ ዘመን በመጣበት ዓመት ውስጥ ያመጣላቸውን ሰው ቀበሩ። ለቅሶና ሠርግ በአንድ ድንኳን ሊሆን አይችልም ይላል አገሩ፤ በማንቸስተር ግን ሆነ። ለሃያ ሰባት ዓመት በየሳምንቱ ፕሮግራሙን በእርሳስ የሞላ ሰው፤ በመጨረሻ የፈለገውን ድምር ሲያገኝ በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ መስመር ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለቱ ሊጎች እርስ በርሳቸው ከተጣሉ በኋላ በ1965 ዓ.ም. ተዋሕደው የብሪታንያ ሊግ የተባለውን ባለ 18 ቡድን ማኅበር መሠረቱ፤ ጨዋታውም እንደገና ነፍስ ዘራ። በ1963 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩን ሊግ የነጂዎች ሻምፒዮና ያሸነፈው የኒው ዚላንዱ ኢቫን ሞገር በ1969 ዓ.ም. ወደ ቤል ቪዩ መጣ፤ ቡድኑም ከ1970 እስከ 1972 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። ሞገር በዘመኑ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ከክሬቨን ቀጥሎ የዓለምን ዘውድ የወሰደ እንግሊዛዊ ግን እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ አልተገኘም፤ በዚያ ዓመት በፖላንድ በሆዡፍ ከተማ ፒተር ኮሊንስ አሸነፈ፤ እርሱም የቤል ቪዩ ሰው ነበር። የክሬቨንን ሁለት ዘውድ በቍጥር የተስተካከለ እንግሊዛዊ ደግሞ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አልታየም፤ በዚያ ዓመት ታይ ዎፊንደን ሁለተኛውን አገኘ፤ በ2018 ዓ.ም. ሦስተኛውን ጨመረ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ማለት ነው።

የአራዊቱ መኖሪያ በ1977 ዓ.ም. ተዘጋ። የሃይድ ሮድ ስታዲዮምም የመጨረሻውን ውድድር በ1987 ዓ.ም. ካደረገ በኋላ ፈረሰ፤ ቦታው መኪና በሐራጅ የሚሸጥበት ሆነ። ቡድኑ ግን አልጠፋም፤ በቅርቡ ወዳለ ሌላ ሜዳ ተዛወረ፤ በ2016 ዓ.ም. አዲስ ስታዲዮም ተሠራለት፤ በ2022 ዓ.ም. እንደገና የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። የኤዲንብራው አሮጌ ሜዳ ደግሞ ለ1970 ዓ.ም. የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሲባል በአዲስ ስታዲዮም ተተካ። ክሬቨን የወደቀበት መታጠፊያ ዛሬ የለም።

ያለው ሌላ ነገር ነው። በማንቸስተር በፒተር ክሬቨን ስም የመታሰቢያ ውድድር ይደረጋል፤ እስከ ቅርብ ዓመታትም ድረስ ሲደረግ ቆይቷል። የሚመጡት ተመልካቾች አብዛኞቹ እርሱ ከሞተ በኋላ የተወለዱ ናቸው። ጥብጣቡ ይነሣል፤ አራቱ ሰዎች ፍሬን በሌለው ቢስክሌት ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ ትከሻ ለትከሻ ይገባሉ፤ ተመልካቹም ፕሮግራሙን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ 3፥ 2፥ 1፥ 0 እያለ በእርሳስ ይሞላል።